ሁላችንም የእሳቸውን ስም ጠራን

ጥያቄው ቀላል ነበር። «ማሽንሽ ሲቆም፣ ነገር ሲጠፋሽ፣ መጀመሪያ ወደ ማን ትሄጃለሽ?» መሐንዲሷ ምሳ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የክዳን መስመር ሠራተኞችን አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀችን። እናታለም ደግሞ አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ብርቱካን ይልጣሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ። የእናቴ እኩያ የሆኑ፣ ከሁላችን በፊት እዚያ ፋብሪካ የገቡ ሴት እዚያው ተቀምጠው እያዩኝ በምን አፌ የሌላ ሰው ስም ልጥራ? «ወደ እናታለም» አልኩ። ከእኔ በፊት የተጠየቀችውም፣ ከእኔ በኋላ የተጠየቀችውም እንዲሁ አሉ። እዚሁ አገር የተወለደችው፣ ከሠራዊት ወጥታ በቅርቡ የተቀጠረችው የሁላችን ታናሽ እንኳ ወደ እሳቸው በአገጯ ጠቆም አድርጋ «ወደ እሳቸው» አለች።

ዛሬም ቢጠይቁኝ እሳቸውን ነው የምጠራው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ተሳስታችሁ ነው» ያሉን ሰዎች ስለበዙ ነው። ስህተት ከሆነ ያሳደጉን ሰዎች ይጠየቁበት። እኔ አልጠየቅም።

ፋብሪካችን ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ነው። የእርጎና የአይብ መያዣ ክዳን እንሠራለን፤ ሰው ከፍቶ የሚጥለውን፣ ሁለተኛ የማያስበውን ክዳን። ግን እኛ ከቆምን ከመንገዱ ማዶ እርጎ የሚሞላው ፋብሪካ ይቆማል። እሱ ከቆመ የጭነት መኪኖቹ ደጅ ላይ ይኮለኮላሉ፣ ካርቶን የሚያመጣልን ድርጅትም ካርቶኑን የሚያራግፍበት ያጣል። አንዱ ባንዱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዛሬ ሾፌሩ ለዘመቻ ይጠራል፣ ነገ ማሽን ጠጋኙ ይጠራል፣ ጥሬ ፕላስቲኩም በመርከብ ይዘገያል። አለቆቹ ተጨነቁና ይህችን መሐንዲስ አመጡ። ሥራዋ ፋብሪካውንም ሰዉንም በኮምፒውተር ላይ በነጥብና በመስመር አስመስሎ መሥራት ነው። ከዚያ አንዱን ነጥብ ታጠፋና ሌላው አብሮ ይወድቅ እንደሆነ ታያለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ስትጠይቅ ታዳምጥ ነበር፣ ቡናዋንም ራሷ ነበር የምትቀዳው።

መስመሩ ላይ ያለነው ሴቶች አብዛኞቻችን የጎንደር ወገን ነን፤ ገሚሳችን በሱዳን በኩል በእግር፣ ገሚሳችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣን። አሠራራችንን ማንም አላስተማረንም። የአንዷ ማሽን ሲታነቅ ጎረቤቷ የራሷን ለቀጣይዋ አደራ ብላ ትሄድላታለች። ወገቧን ያመማት ቁጭ ብላ ክዳን ትለያለች፣ ካርቶን ማንሳቱን ጤነኛዋ ትወስዳለች፤ ነገ ደግሞ በተራዋ። ወላጆቻችን አዝመራ ሲደርስ ዛሬ የአንተን ነገ የእኔን እየተባባሉ አብረው ያጭዱ ነበር፤ ያንን ወንፈል ይሉታል። እኛም ወንፈል እንለዋለን። አለቃችን ግን በዕብራይስጥ ባላጋን ነው የሚለው፣ ዝርክርክ ማለቱ ነው። ማን የት እንደቆመ አይገባውም፣ ክዳኑ ግን ይወጣለታል፤ ስለዚህ እያጉረመረመ ይተወን ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁላችንንም ሰብስበው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አበሩልን። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ነጥብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትናንሾቹ እኛ፤ ከእያንዳንዳችን አንድ ወፍራም መስመር ወደ መሐሉ ይሄዳል። ስም አልተጻፈበትም፣ ግን ትልቁ ነጥብ ማን እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለን። ታናሻችን «ዐያችሁ፣ እናታለም ፀሐይ ሆኑ» ብላ አሳቀችን። እናታለም በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፍነው ፈገግ አሉ። ክብራቸው ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያየን መሰለን።

አለቃችን ግን አልሳቀም። «ይህ አደጋ ነው» አለ። ለመሐንዲሷ በእጁ ምልክት ሰጣት፣ እሷም ትልቁን ነጥብ አጠፋችው። መስመሮቹ ሁሉ አብረው ጠፉና እኛ እዚህም እዚያም ተበትነን ቀረን። «አንዲት ሴት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ነገ ብትታመም መስመሩ ይቆማል። መስመሩ ከቆመ ማዶ ያሉትም ይቆማሉ። ይህን ይዤ መተኛት አልችልም።» ከዚያ ውሳኔውን ተናገረ። እናታለም በወሩ መጨረሻ በክብር ፔንስያ ይወጣሉ፤ የጡረታ ዕድሜያቸው ደርሷል፣ ሕጉ ግን ከፈለጉ ጥቂት ዓመት መቆየት ይፈቅድላቸዋል። በእሳቸው ምትክ የሠለጠነ አስተባባሪ ይመጣል፣ እያንዳንዳችንም ከየማሽናችን ንቅንቅ አንልም። «የሚቃወም አለ?» አለና ዞር ዞር ብሎ አየን።

እኛ ደግሞ ሁላችንም እናታለምን አየን። ትልቅ ሰው ሳይናገር ታናሽ ቀድሞ አይናገርም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ቀዳሚዋ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ነገሩ የራሳቸው ነገር ስለሆነ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ስላሉ እኛ ዝም አልን። እኛ ዝም ስላልን እሱ «በሴደር፣ ተስማምተናል» ብሎ መብራቱን አጠፋ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲነቅዝ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ እናታለምን ተከትዬ ቤታቸው ሄድኩ። በአሮጌው ሰፈር ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩ። ልጆቻቸው ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር ፎቆች ውስጥ ገብተዋል፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ይደውላሉ፣ ቅዳሜ ሻባት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣

«ስሚኝ ልጄ» አሉ፣ «እኔ ሰው የምሆነው ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ስወጣ ነው። ቤት ካዋሉኝ ዓመት አልቆይም። ይህን ዕወቂው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ሲጠይቅ እኮ አንቱን ነበር የምናየው።»

«ስለ ራሴ? አታስወጡኝ ብዬ ልለምን? ኧረ አልችልበትም።»

«እኛ ደግሞ አንቱ ሳይናገሩ መናገር አልቻልንም።»

ተያየን። ሳቅ መጣብኝ፣ ወዲያው ደግሞ ንዴት። ሰው እንዲህ ተከባብሮ ተከባብሮ እርስ በርሱ ወደ ገደል ይገፋፋል? ሻባት ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሁሉ እታች እንዲሰበሰቡ ነግሬ ወጣሁ።

ከሕንፃው ሥር ዛፎቹ መካከል ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተሰበሰብን። እናታለም ወረዱ፣ ሁላችንንም ሰላም አሉን፣ ከዚያ አልተቀመጡም። «እኔ ካለሁ እውነት አይወጣችሁም። አውቃችኋለሁ። ተነጋገሩ፣ ስትጨርሱ ጥሩኝ» ብለው ደረጃውን እየተደገፉ ወደ ላይ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በሽምግልና ላይ ትልቅ ሰው ተነስቶ ለታናሾቹ ቦታ ሲለቅ ማለቴ ነው።

እኔ ጀመርኩ። መልሱ ቀላል ነው አልኩ፤ ሄደን ለአለቃው ‹እሳቸውን የጠራነው ለአክብሮት ነው፣ መስመሩ በእሳቸው ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም› እንበለው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ታናሻችን ግን እጇን አነሳች፣ ትምህርት ቤት እንዳለች።

«እሺ፣ እንበለው። ከዚያ ሜናሄሉ፣ አለቃችን፣ ምን ይላል? ‹ታዲያ እሷ ምን ትሠራለች?› ነው የሚል። ምን ልትመልሺለት ነው?»

ከመካከላችን አንዷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «እጃቸው ዘግይቷል» አለች። «ካርቶኑን እኛ ነን የምናነሳላቸው። ሁላችንም እናውቃለን።» በቁጣ ተነሳሁባት። አፍሽን ያዢ አልኳት፣ እላይ በረንዳው ክፍት ነው አልኳት። እሷም ወደ ኋላ አላለችም። «ውሸት ከሆነ ውሸት በይኝ» አለች። ውሸት አልነበረም። ገና የገባን ጊዜ የእኛን ካርቶን ያነሱልን እሳቸው ነበሩ፣ የነፍሰ ጡሯን ፈረቃ የሸፈኑ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ተራው የእኛ ሆነ። ወንፈል ማለት ይኸው ነው። ግን ይህን የትኛው ሥዕል ላይ ትስለዋለህ?

ነገሩ ገባኝና ቁጭ አልኩ። ዋና ናቸው ብንል አደጋ ይሆናሉ፣ ዋና አይደሉም ብንል ትርፍ ይሆናሉ። በሁለቱም መንገድ መውጫው በር ላይ ነው የምንደርስ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅህ ሰው መልስህን አስቀድሞ ቆርጦታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን ነው መምታት ያለብህ።

መንገዱን ያገኘችው ታናሻችን ናት። «ያቺ መሐንዲስ ነጥብ አጠፋች አይደል?» አለች። «በኮምፒውተር ነው ያጠፋችው። በእውነተኛው መስመር ላይ ታጥፋ። እሳቸውን ብቻ አይዶል፣ ሁላችንንም። በየቀኑ አንዳችን ትውጣ፣ ክዳኑ ይወጣ እንደሆነ እንይ።» አንዳንዶቹ ፈሩ። ክዳኑ ቢቀንስስ? ያለ አንዷ ጥሩ ቢሄድና ‹ይህችማ አታስፈልግም› ቢሏትስ? እስኪመሽ ድረስ ተከራከርን። ሁሉም ተናገረ፣ የተናገረ ሁሉ ተሰደበ፣ የተሰደበ ሁሉ ታረቀ። በመጨረሻ ከሥራ የምትባረር ካለች ሁላችንም እንወጣለን፣ የምትቀር ካለች ሁላችንም እንቀራለን ብለን ተስማማን። ከዚያ ወደ ላይ ጮኸን እናታለምን ጠራናቸው። ሲወርዱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ በረንዳው እውነትም ክፍት ነበር። «እጄ እኮ ዘግይቷል» አሉ ዝግ ብለው፣ ያችን ሴት ደግሞ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት።

መሐንዲሷን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ለምን ሁላችንም አንድ ስም እንደጠራን ስነግራት ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ሳቀች፣ በእኛ ሳይሆን በራሷ። «አጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥ ነበር» አለች። ልጅቷን የወደድኳት ያኔ ነው። አለቃውን ያሳመነችውም ራሷ ናት፤ ሞዴል በመሬት ላይ ካልተፈተነ ተረት ነው አለችው። ተረት ደግሞ እሱ አይወድም።

ፈተናው ተጀመረ። በየቀኑ አንዳችን ምሳ ቤት ቁጭ እንላለን፣ ሌሎቹ ይሠራሉ። የእኔ ቀን የደረሰ ጊዜ ሻይ ይዤ እንደ እመቤት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን መስመሩ ያለ እኔ ሲንኳኳ፣ ሲንኳኳ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ ሲሄድ ስሰማ ደሜ ፈላ። ትንሽ እንኳ አይቆምም? አንድ ጊዜ መጥቶ የሚጠራኝ ይጠፋል? ለዚያ ፋብሪካ ወገቤን ሰጥቼዋለሁ። ያን ቀን ነው እናታለም ነጥባቸው ሲጠፋ ምን እንደተሰማቸው የገባኝ። ሻዬን ደፍቼ እንደገና ቀዳሁ፣ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

በእናታለም ቀንም ክዳኑ ወጣ። ወጣ ስል ግን፣ ያን ቀን ሁለት ሴቶች በማይረባ ነገር፣ በመስኮት መክፈትና መዝጋት፣ ተጣልተው እስከ ፈረቃ መውጫ ተኳርፈው ዋሉ። በማግስቱ እናታለም ሲገቡ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ይዘው ሁለት ቃል ተናገሩና አለቀ። መሐንዲሷ የክዳኑን ነገር መዘገበች። የኩርፊያውን አልመዘገበችም፣ እኛም አልነገርናትም። የቤታችን ጉዳይ ነው።

እንደገና ሰበሰቡን። አዲሱ ሥዕል መሐል የለውም፤ መስመሮቹ ከሁሉም ወደ ሁሉም ይሄዳሉ። መሐንዲሷ በግልጽ ተናገረች። ማንኛዋም ብትጎድል ሥራው ይቀጥላል፣ ጥንካሬው አንዷ የሌላዋን ሥራ ማወቋ ነው፣ እያንዳንዷን ከማሽኗ ጋር ማሰር ያዳክመዋል። አለቃችን ጺሙን እያሻሸ አዳመጠና፣ «በሴደር» አለ፣ «አስተባባሪ አላመጣም። ባላጋናችሁን ቀጥሉ።» ሳቅን። ያሸነፍን መሰለን። ከዚያ ወደ እናታለም ዞረና በደግ ድምፅ፣ «ስለዚህ አንቺም ያለ ሐሳብ መሄድ ትችያለሽ። ያለ አንቺም ይሠራል፣ ሁላችንም አየን። ለስንብቱ ጥሩ ኬክ እናመጣለን» አለ።

እናታለም አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠበቅሁም።

«ያለ እኔም ሠርቷል» አልኩት በዕብራይስጥ። «ያለ ታናሻችንም ሠርቷል። ያለ እነዚያም ሠርቷል። ለሁላችንም ነው ኬኩ?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«እሷ አርጅታለች» አለ። በክፋት አልነበረም፣ ደክሞት ነው የተናገረ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፤ አስቤ ነው የተናገርኩት። «አምና ሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርተህ ወራት ሙሉ አልነበርክም» አልኩ። «መስመሩ አንድ ቀን ቆሞ ነበር?»

ጺሙን ማሻሸቱን ተወ።

«አልቆመም። ያለ አንተም ሠርቷል፣ ሁላችንም አየን። ስትመለስ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው አገኘህ? ኬክ ገዝተን ጠበቅንህ? ቦታህ ቦታህ ነው ብለን ነው የጠበቅንህ። የእሷም ቦታ ቦታዋ ነው።»

ፊቱ ነጣ። ከዘመቻው ከተመለሰ ወዲህ ከስቶ ነበር፣ በር በኃይል ሲዘጋም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁላችንም እያየን እንዳላየን እንሆን ነበር። የት ላይ እንደነካሁት አውቃለሁ፣ አውቄም ነው የነካሁት። መሐንዲሷ ጫማዋን ታያለች። ታናሻችን እጇን አነሳች። «የሚቃወም አለ ወይ ብለኸን ነበር» አለችው፣ «አለ።» ከዚያ ከአጠገቧ ያለችው አነሳች፣ ከዚያ ያችኛዋ ‹እጃቸው ዘግይቷል› ያለችው፣ ከዚያ ሁላችንም። እናታለምን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። እሳቸው ብቻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

አለቃችን ወደ መስኮቱ ዞረ። «ትቆይ» አለ በመጨረሻ። «እስከምትፈልግበት ጊዜ ትቆይ።» ኮቱን አንስቶ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ተበተኑ። እኔና እናታለም ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን ሄድን። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። እሳቸው ግን መቀመጫው ላይ አረፍ እንዳልን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ከጦር ሜዳ የተመለሰን ሰው በዘመቻው አይወጉትም» አሉ። «ነውር ነው ያደረግሽው፣ ልጄ። ያም የሰው ልጅ ነው።»

«ነው» አልኳቸው። «ነውር ነው። ነውሩ ለእኔ ይሁን።»

«አይቆጭሽም?»

«አይቆጨኝም፣ እናታለም። አንቱ ነገ ጠዋት ሥራ ይገባሉ።»